በጅማ ለሚወዳደር መኪና የአየር ማስገቢያ መምረጥና መሥራት

አዲስ የአየር ማስገቢያ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፣ አሁን መኪናው ላይ ያለውን ይፈትሹ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) ቤት ወደ ስሮትሉ (የአየሩን መጠን ወደሚቆጣጠረው በር) የሚሄደውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ይፍቱ፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ላይ ጠቅልለው የማኒኮቶውን የውስጥ ግድግዳ አንድ ዙር ይጥረጉት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ፣ ሞተሩ ከአየር ጋር አፈር ሲበላ ከርሟል ማለት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፊልትሮው አይደለም፤ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ወይም የፊልትሮው ጠርዝ በቤቱ ላይ በደንብ አለመቀመጡ ነው። የፒስተን ፋሻው በአፈር ተበልቶ ያለቀ ሞተር ላይ የሚያብረቀርቅ ቱቦ መግጠም ትርፉ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ይህ ይስተካከል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 82 ዝቅ ይላል፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለዋል። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅማ ላይ 80 ገደማ ቢሰጥ ሞተሩ ታሟል አያሰኝም። ይህን ጉድለት ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ካልሆነ በቀር የትኛውም ቱቦና የትኛውም ፊልትሮ አይመልሰውም። የአየር ማስገቢያ ሥራው ካለችን ስስ አየር ላይ ተጨማሪ እንዳይባክን መጠበቅ ነው፤ የሚባክነውም በሙቀት፣ በመጥበብና ሥርዓት በሌለው መታጠፍ ነው። በእኔ ልምድ ከእነዚህ ሁሉ ክፉው ሙቀት ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ገንዘቡን የሚያፈስሰው በመጥበቡ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ባለ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ባለው ቶዮታ ኮሮላዬ ላይ ዲፕራተሩን ከነቤቱ አውጥቼ በምትኩ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ገጠምኩ። ድምፁ ያማረ ነበር፤ ጓደኞቼም መኪናው "ተፈታ" አሉ። ነገር ግን በ3ኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር እስከ 6,000 ዙር ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ስንለካ ከበፊቱ ረዘመ። ምክንያቱን ያገኘሁት ለማቀዝቀዣ የሚሸጥ ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቼ ጫፉን ፊልትሮው አጠገብ ሳስር ነው፤ ውጪው 24 ዲግሪ ሲሆን ፊልትሮው የሚስበው አየር 58 ዲግሪ ነበር። የአየር እፍጋት ከፍጹም ሙቀት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ 10 በመቶ የሚሆን የአየር ክብደት ማጣት ነው። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ኮሌክተር ራሱም አየሩን ስለሚያሞቀው በተግባር ኪሳራው ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድም የኮፈን ሥር ሙቀት ይቀንሳል። ሆኖም ከመነሻ መስመር ላይ ቆሞ ሲጠብቅና ከጠባብ መታጠፊያ ሲወጣ፣ ማለትም ጉልበት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሞቃት አየር ሞተሩን ለመንኳኳትም ያጋልጠዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ አየሩ ከየት ይሳብ የሚለው ነው። ለአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ሁለት ጥሩ ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ከራዲያተሩ ጎን ከፊት መብራቱ ኋላ ያለው ክፍተት ነው፣ ሁለተኛው የኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ከፊት መስታወቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከራዲያተሩ በስተኋላ ያለው አየር የራዲያተሩን ሙቀት ይዞ ስለሚመጣ አይሆንም። እኔ አፈር በሆነ ሜዳ ላይ ለሚሮጥ መኪና መስታወቱ ሥር ያለውን እመርጣለሁ፤ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያነሣው አቧራ በጣም የሚወፍረው ከመሬት አጠገብ ስለሆነና ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ኩሬ ቢያጋጥም ውሃ አይስብም። ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ከገባ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል ቢየላው (የፒስተኑ ዘንግ) ይታጠፋል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት ከተማ ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም።

ብዙ ሰው የማስገቢያውን አፍ ወደ ፊት የሚያቀናው "አየሩ ተገፍቶ እንዲገባ" ነው። ይህ ሐሳብ ስሕተት ባይሆንም ጥቅሙ ሲሰላ እጅግ ትንሽ ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በጅማ አየር ውስጥ ከፊት የሚያገኘው የግፊት ጭማሪ 0.37 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ከ82 አንጻር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በሰዓት 160 ኪሎሜትር ላይ ወደ 1.2 በመቶ ይደርሳል። አፉን ወደ ፊት የማቅናት ዋና ጥቅሙ ግፊቱ ሳይሆን አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የቱቦው ስፋት ይሰላል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሙሉ ይዘቱን ስለሚስብ፣ የሞተሩን ይዘት በሊትር በግማሽ የዙር ብዛት ማባዛትና ውጤቱን በአሞላል ብቃቱ (ሲሊንደሩ በተግባር በአየር የሚሞላበት ድርሻ)፣ ለተራ ሞተር 0.85 ገደማ፣ ማባዛት ይበቃል። ለ1.587 ሊትር ሞተር በ6,500 ዙር ውጤቱ በደቂቃ 4,380 ሊትር፣ በሰከንድ 73 ሊትር ነው። ይህ አየር ውስጡ 50 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ሲያልፍ በሰከንድ 37 ሜትር ይሮጣል፤ በ63 ሚሊሜትር ወይም ባለ ሁለት ኢንች ተኩል ቱቦ 23 ሜትር፣ በ76 ሚሊሜትር ወይም ባለ ሦስት ኢንች 16 ሜትር። የሚባክነው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚጨምር ከ50 ወደ 63 መሄድ ብዙ ይጠቅማል፤ ከ63 ወደ 76 መሄድ ግን ለዚህ ሞተር ቦታ ከመፍጀትና ቱቦውን ወደ ጭስ ማውጫው ከማስጠጋት በቀር የሚያመጣው ነገር ጥቂት ነው። ባለ 1.3 ሊትሩ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ ደግሞ በ6,000 ዙር በሰከንድ ከ55 ሊትር ብዙም ስለማይበልጥ 50 ሚሊሜትር እንኳ ብዙ አያስቸግረውም።

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሠሩት የፎርሙላ ስቱደንት መኪኖች ጉዳይ የተለየ ነው። ደንቡ ቤንዚን ለሚጠቀም ሞተር አየሩ ሁሉ በ20 ሚሊሜትር ቀዳዳ እንዲያልፍ ስለሚያስገድድ፣ አየሩ ጠባቡ ላይ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ከዚያ በላይ አይጨምርም፤ ጣሪያው በባሕር ወለል በሰከንድ 75 ግራም ገደማ ሲሆን ጅማ ላይ 60 ገደማ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ በኪቶ ፉርዲሳ ውስጥ ይህን ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ጥረቱን ሁሉ ከጠባቡ በኋላ ቀስ ብሎ በሚሰፋው ቱቦ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አፉ እንምጣ። አየር ስለታም ጠርዝ ባለው ተቆርጦ በቀረ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ላይ ይላቀቅና ከመግቢያው ጥቂት ገባ ብሎ ራሱን ያጠብባል። እንዲህ ያለ ባዶ የቱቦ ጫፍ በቱቦው ውስጥ ካለው የፍጥነት ግፊት ከአሥር እጅ ስምንቱን እስከ ሙሉውን ያባክናል፤ ከግድግዳ ጋር እኩል የተቆረጠ ግማሹን ያባክናል፤ በመጠኑ የተጠጋጋ የመለከት አፍ ግን ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ። መጠጋጋቱ ብዙ አይፈልግም፤ የክቡ ራዲየስ የቱቦው ዲያሜትር 15 በመቶ ከሆነ ይበቃል፣ ለ63 ሚሊሜትር ቱቦ ወደ 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳም ቢያንስ በቱቦው ዲያሜትር ያህል ይራቅ፤ ቦታ ካልተገኘ ከግማሽ ዲያሜትር በታች መቅረብ የለበትም።

የመለከት አፉን ከፋይበርግላስ ለመሥራት ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከጅማ የተሻለ ቦታ ማሰብ ይከብደኛል። በርጩማ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ወደ አንዱ ሄጄ ከደረቀ ዋንዛ በቶርኖ እንዲያወጣልኝ ሥዕሉን በወረቀት አሳየሁት። አገላብጦ አየውና "ልጄ፣ ይሄ እግሩ የጠፋበት በርጩማ ነው እንዴ?" አለኝ። ቢስቅም ሥራው ላይ አልቀለደም፤ በካርቶን የቆረጥኩለትን የ10 ሚሊሜትር ሩብ ክብ እያስጠጋ፣ በመካከላቸው ብርሃን እስከማይታይ ድረስ ፋቀው። እንጨቱ በጥሩ አሸዋ ወረቀት ከተለሰነና የወለል ሰም ሦስት ጊዜ ከተቀባ በኋላ ሦስት ድርብ ፋይበርግላስ ይለበጥበታል፤ በማግስቱ በቀላሉ ይላቀቃል። እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ ግን እርጥበቱ ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደርገዋልና ለዋንዛው መድረቅ መቸኮል አይገባም።

ቱቦው ራሱ ቢቻል አሉሚኒየም፣ ካልሆነም ለስላሳ የላስቲክ ቱቦ ይሁን። እንደ ጉሮሮ የተሸበሸበው ተጣጣፊ ቱቦ ለመግጠም ምቹ ቢሆንም ሽብሽቡ አየሩን ከለስላሳ ቱቦ ብዙ እጥፍ ይይዘዋል። ለፍሳሽ የሚሸጠው የፒቪሲ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚለሰልስ ጭስ ማውጫ አጠገብ ከተገጠመ መሳቡ ራሱ ያጨፈልቀዋል። መታጠፊያዎች የማዕከላቸው ራዲየስ ከዲያሜትሩ አንድ ተኩል እጥፍ እንዳያንስ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለት ስለታም መታጠፊያ ካለው አጭር መንገድ አንድ ሰፊ መታጠፊያ ያለው ረጅም መንገድ ይሻላል።

ፊልትሮው ከሞተሩ ሙቀት ተለይቶ በሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለዚህ የ1 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃል፤ ባቲላሜራ ቤት በአንድ ከሰዓት ይሠራል። ከጭስ ማውጫው በኩል ያለው ግድግዳ ድርብ ሆኖ በመካከሉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ቢኖረው ሙቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ክዳኑም ከኮፈኑ ጋር በስፖንጅ ላስቲክ ይዘጋ። ከሣጥኑ ወለል ዝቅተኛው ቦታ ላይ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ለውሃ መውጫ ይተው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ንጹሕ ክፍል ላይ ግን ፖፕ ሪቬት ፈጽሞ አይግባ፤ አንዱ ከላላ ቀጥሎ የሚያገኘው ቫልቩን ነው። የብየዳ ፍንጣሪም እንዲሁ በፋይል ተፍቆና ታጥቦ ይውጣ።

ስለ ፊልትሮው ዓይነት የሚነሣው ክርክር ማለቂያ የለውም። ወረቀት አቧራ በመያዝ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲቆሽሽ ይጣላል። ዘይት የተቀባ ጥጥ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዘይቱ ከበዛ ግን በሞቃት ሽቦ አየር የሚለካ ሴንሰር ባላቸው መኪኖች ላይ ሽቦውን ያቆሽሻል። ዘይት የተቀባ ድርብ ስፖንጅ ለአፈር ሜዳ የተመረጠ ነው፣ ብዙ አቧራ ተሸክሞም አይዘጋም። የዘይት ጥጥ ፊልትሮ አምራቾች የሚጠቀሙበት ስሌት በሜትሪክ ሲገለበጥ፣ የሞተሩ ይዘት በሲሲ በከፍተኛው ዙር ተባዝቶ ለ65,000 ሲካፈል ዝቅተኛውን የፊልትሮ የውጭ ገጽታ በካሬ ሴንቲሜትር ይሰጣል፤ ለእኛ ሞተር 160 ገደማ ነው። ይህ ለንጹሕ አየር ስለሆነ ለጅማ በጋ ሦስት እጥፉን እንዲያስቡ እመክራለሁ። ስፖንጁ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ፤ በቤንዚን ማጠብ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፣ እሳትም ነው። እዚህ ላይ የባጃጅ ሾፌሮቻችን ደረቅ ስፖንጅ አራግፈው መልሰው የመግጠም ልማድ ሊኮረጅ አይገባም፤ ዘይት የሌለው ስፖንጅ የሚያስቀረው ቅጠል ብቻ ነው።

ሲገጣጠም ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ እንደሚወዛወዝ አይርሱ፤ ሣጥኑ ከመኪናው አካል፣ ስሮትሉ ከሞተሩ ጋር የታሰረ በመሆኑ በመካከላቸው የጎማ ማኒኮቶ ከሌለ ቱቦው ይሰነጠቃል። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር የሚተነፍስበት ቀጭን ቱቦ ከፊልትሮው በኋላ አየር የሚስብ ከሆነ ያው ቦታ በአዲሱ ቱቦ ላይም ይሠራለት። የዘይት ክፍሉ መተንፈሻም ክፍት እንዳይቀር። በሞቃት ሽቦ ሴንሰር የሚለካ መኪና ከሆነ ሴንሰሩ ያለበትን ቱቦ ስፋት አይለውጡ፤ ኮምፒውተሩ አየሩን የሚያሰላው ያንን ስፋት ይዞ ነው።

ሥራው ተሳካ አልተሳካም የሚለውን የሚነግርዎት ጆሮ አይደለም። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ይግዙ፤ ሁለት ሜትር ያህሉን በጣውላ ላይ በ"ዩ" ቅርጽ አስረው እስከ ግማሽ በቀለም የተቀላቀለ ውሃ ይሙሉትና በመሐሉ የስፌት ሜትር ይለጥፉ። አንዱን ጫፍ ክፍት ትተው ሌላውን ከፊልትሮውና ከስሮትሉ መካከል ቱቦው ላይ ካወጡት ትንሽ ቀዳዳ ጋር ያገናኙ። ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ መንገዱ ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ እንደ መያዣ ያስገቡ። ከዚያ ለተሽከርካሪ በተዘጋ ቦታ፣ ሰውና አህያ በሚበዛበት የአጋሮ መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ከፍተኛው ዙር ላይ ሲደረስ ረዳትዎ በሁለቱ የውሃ ጫፎች መካከል ያለውን ልዩነት ያንብብ። በጅማ ግፊት እያንዳንዱ 8.4 ሴንቲሜትር አንድ በመቶ የአየር ኪሳራ ነው። የእኔ ኮሮላ በፋብሪካው ማስገቢያ 24 ሴንቲሜትር፣ በአዲሱ 8 ሴንቲሜትር አሳየ፤ ትርፉ ወደ 2 በመቶ ነው። ያ ሁሉ የዋንዛና የፋይበርግላስ ልፋት ያመጣው ይህን ሲሆን፣ ክፍቱን ፊልትሮ በሣጥን መክደኑ ብቻ የሚሳበውን አየር ከ58 ወደ 29 ዲግሪ አወረደው። ውሃው ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ካሳየ ፊልትሮውን አውጥተው ለአንድ ልኬት ብቻ እንደገና ይሞክሩ፤ ቁጥሩ ብዙ ከወረደ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው፣ ካልወረደ የቱቦውና የመታጠፊያው ነው። ይህን ሙከራ ግን አቧራ በሌለው አስፋልት ላይ ያድርጉት።

ካርቡሬተር ላላቸው መኪኖች አንድ ሥራ ይቀራል። ካርቡሬተር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለው ጅማ ላይ 10 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያበዛል። ካርቡሬተሩ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ከገባ የካርቡሬተሩ የራሱ የነዳጅ ገንዳ መተንፈሻም እዚያው ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የሁለቱ ግፊት ይለያይና ድብልቁ ይዛባል። ማስተካከያው በካንዴላ (በእሳት ሰጪው) ይነበባል፤ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ ከሮጠ በኋላ ሞተሩ በዚያው ዙር ላይ ጠፍቶ ይቁምና ካንዴላው ይፈታ። ጥቁር ጥላሸት ካለው ጄቱ (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) አንድ ቁጥር ይነስ፤ ቡና መቆላት ሲጀምር የሚይዘው ቀላል ቡናማ ዓይነት ከሆነ ይተው፤ ነጭ ከሆነ ግን ወዲያው ጄቱ ከፍ ይበል፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ፒስተን ያቀልጣልና።

ለውድድር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ትርፍ ጄቶቹን ይዞ ይሂድ፤ 2,350 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 76 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ ጅማ ላይ ልክ የነበረው እዚያ እንደገና ነዳጅ ያበዛል። መንገድ ላይ ጊቤ ሸለቆ ወርደው መኪናው ድንገት ነፍስ ቢዘራ አይታለሉ፤ 1,100 ሜትር ላይ ስለሆኑ ነው፣ እዚያ ቆሞ ጄት መቀየር ወልቂጤ ሲደርሱ የሚያስቆጭ ሥራ ነው።